«ጌት» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሸመድዱ እንዴት መልመድ ይቻላል

አሜሪካ በገባሁ በሁለተኛው ወር ነው። አንድ ሆቴል ኩሽና ውስጥ ሰሃን አጥባለሁ። የሥራ ባልደረባዬ እስከ አገጩ የተቆለለ ሰሃን በሁለት እጁ ታቅፎ እየመጣ «ጌት ዘ ዶር!» አለኝ። ጌት ማለት ማግኘት ነው ብለው ያስተማሩኝ የሰባተኛ ክፍል መምህሬ ትዝ አሉኝ። በሩን አየሁት። እዚያው ፊቴ ቆሟል፣ አልጠፋም። ታዲያ ምኑን ነው የማገኘው? እኔ ይህን ሳሰላስል ሰውዬው በትከሻው ገፍቶ አለፈ፣ ሁለት ሰሃን ግን መሬት ላይ ቀረ። «በሩን ክፈትልኝ» ነበር ያለው።

መምህሬ አልተሳሳቱም። ጌት ማግኘትም ነው። ችግሩ ማግኘት ብቻ አለመሆኑ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያሉ አጫጭር ቃላት ሞልተውታል። የኦክስፎርዱ ትልቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ፒተር ጊሊቨር «ራን» (መሮጥ) የምትለዋን ግስ ብቻ ለመጨረስ 9 ወር ፈጅቶበታል፣ 645 ትርጉም ነው የቆጠረላት። ጌት እዚያ ባትደርስም ከቀን ቀን ንግግር የማትጠፋ ናት፣ ስለዚህ ከእሷ መጀመር ያዋጣል። (በነገራችን ላይ የግቢ በር «ጌት» ሌላ ቃል ነው፣ እሱ «ጌይት» ተብሎ ሳብ ይላል።)

1. መጀመሪያ «ያዘ»ን አስቡ

የትርጉም ዝርዝር ከመሸምደዳችሁ በፊት ራሳችሁን ታዘቡ። ሌባ ተያዘ እንላለን፣ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ወንበር ያዝልኝ፣ ቀጠሮ ያዝን፣ ቂም ያዘብኝ፣ አዳራሹ 300 ሰው ይይዛል። ለአንድ የውጭ አገር ሰው ይህ ሁሉ አንድ ቃል ነው ብትሉት ራሱን ይይዛል (ይኸው፣ ሌላ ያዘ)። እኛ ግን ተደናግሮን አያውቅም፣ ምክንያቱም ዓይናችን «ያዘ» ላይ ሳይሆን አብሮት ያለው ቃል ላይ ነው። ጉንፋን ካለ በሽታ፣ ታክሲ ካለ ጉዞ። ጌትም የሚነበበው እንደዚሁ ነው። ብቻዋን ባዶ ናት ማለት ይቻላል፣ ትርጉሙን የሚሰጣት ተከትሏት የሚመጣው ነው።

2. ተከትሎ የመጣው ዕቃ ወይም ነገር ከሆነ

ማግኘት፣ መቀበል፣ መግዛት ወይም ማምጣት ነው፣ የትኛው እንደሆነ ሁኔታው ይነግራችኋል። «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ» መልእክትህ ደርሶኛል ነው። «ጎት» ያለፈ ጊዜዋ ነው። «ጌት ሚ ሰም ዋተር» ውሃ አምጣልኝ። «ዌር ዲድ ዩ ጌት ዛት ጃኬት?» ጃኬቱን ከየት ገዛኸው? ጉንፋንና ታክሲ ላይ እንዲያውም ከእኛ «ያዘ» ጋር ትገጥማለች። ስልክ ሲጮህ «ጌት ዘ ፎን» ካሏችሁ አንሱት ነው። ምግብ ቤት ሂሳብ ሲመጣ ጓደኛችሁ «አይል ጌት ዚስ» ካለ ደግሞ እኔ ልክፈል ማለቱ ነው። እዚህ ላይ እንደ አገራችን ወግ ትንሽ ታገሉ እንጂ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ።

3. ተከትሎ የመጣው ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ከሆነ

ያኔ ጌት ለውጥን ታሳያለች፣ ያልነበረው ሲመጣ ማለት ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» እየመሸ ነው። «አይ ጎት ሃንግሪ» ራበኝ። «ዘ ፉድ ጎት ኮልድ» ምግቡ ቀዘቀዘ። አማርኛ ለዚህ ሁሉ የየራሱ ግስ ስላለው ጌትን የሚተካ አንድ ቃል አትፈልጉ፣ አታገኙም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ«ኢዝ» እና በጌት መካከል ነው። «ሺ ኢዝ ማሪድ» ባለትዳር ናት ማለት ነው። «ሺ ጎት ማሪድ» ግን አገባች፣ ሠርጉ ራሱ። አንድ ጓደኛዬ ቅዳሜ ሠርግ ስለነበረው የሰኞ ፈቃድ ለመጠየቅ አለቃውን «አይ አም ማሪድ» አለው። አለቃው «እኔም» ብሎት ወደ ሥራው ተመለሰ።

4. ጌትን እንደ «ተ» እና እንደ «አስ» አንብቧት

ይህቺ ከሁሉም የምወዳት ናት፣ ማንም አላስተማረኝም። እኛ ግስ ፊት «ተ» ለጥፈን ሰረቀን ተሰረቀ እናደርጋለን። የንግግር እንግሊዝኛ ያንን በጌት ይሠራዋል፣ «ማይ ፎን ጎት ስቶልን» ስልኬ ተሰረቀ። «ሂ ጎት ፋየርድ» ተባረረ። ብዙ ጊዜ ደግሞ በድንገት ወይም ያልተፈለገ ነገር ሲደርስ ነው የምትሰማው።

«አስ»ም አለች። «አይ ጎት ሂም ቱ ካም» አስመጣሁት። ግን የእኛ «አስመጣሁት» በልመናም በግዳጅም ይሆናል፣ በጌት ሲባል ግን ብዙውን ጊዜ አግባብቶ፣ ለምኖ፣ ብልሃት ፈልጎ ነው። በግድ ከሆነ «ሜድ» ነው የሚሉት።

መኪናና ፀጉር ላይ ተጠንቀቁ። «አይ ጎት ማይ ካር ፊክስድ» መኪናዬን አሠራሁ፣ ጋራዥ ወስጄ። «አይ ጎት ማይ ሄር ከት» ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ጌትን ዘላችሁ «አይ ከት ማይ ሄር» ካላችሁ ግን መቀሱን የያዛችሁት እናንተው ናችሁ፣ ሰውም ዞር ብሎ ጀርባችሁን ማየቱ አይቀርም።

5. ቦታ ወይም አቅጣጫ ከተከተላት

መድረስ ነው። «ዌን ዲድ ዩ ጌት ሆም?» ቤት መቼ ደረስክ? ሆም ሲሆን «ቱ» አይገባም፣ ሥራ ቦታ ሲሆን ግን «ጌት ቱ ወርክ» ይባላል።

መሳፈርና መውረድ ትንሽ ያስቸግራል። ለመኪና «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት» ነው፣ ለአውቶቡስ፣ ለባቡርና ለአውሮፕላን «ጌት ኦን» እና «ጌት ኦፍ»። እኔ የምጠቀምበት መለያ ውስጡ ቆሜ መራመድ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። የምችል ከሆነ ኦን፣ የማልችል ከሆነ ኢን። የአዲስ አበባ ሚኒባስ የት ይመደብ? ጎንበስ ብለን ተጣጥፈን ስለምንገባ እኔ ኢን ብዬ መድቤዋለሁ። «ወራጅ አለ!» ለማለት ግን እንግሊዝኛው አቻ ያለው አይመስለኝም።

6. ትንንሽ ጭራዎቿን በጥቂቱ ያዙ

ጌት ላይ የሚለጠፉት ጭራዎች ብዙ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትሞክሩ። በየቀኑ የሚያስፈልጉት እነዚህ ይመስሉኛል። «ጌት አፕ» ከመኝታ ወይም ከመቀመጫ መነሳት፣ «ጌት አሎንግ» መስማማት፣ «ጌት ባይ» እንደምንም መኖር፣ ከእጅ ወደ አፍ ኑሮ ዓይነት። «ጌት ሪድ ኦፍ» ማስወገድ። «ጌት ኦቨር» ከበሽታ ሲሆን ማገገም፣ ከሐዘን ወይም ከፍቅር ሲሆን መርሳት። «ጌት አዌይ ዊዝ» አጥፍቶ ሳይቀጡ ማምለጥ።

7. «ገባኝ» እና «አለኝ»

«ጎት ኢት» ሲሉ ገባኝ ማለታቸው ነው። «አይ ዶንት ጌት ኢት» አልገባኝም። «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ደግሞ መኪና አለኝ ነው፣ አገኘሁ አይደለም። «አይ ጎታ ጎ» የምትሰሟት ከዚህችው የተጨማደደች ናት፣ መሄድ አለብኝ። ልጆቻችሁ አሜሪካ ተምረው በ«ጎት» ፋንታ «ጎትን» የሚል ቃል ቢያመጡ አታርሟቸው፣ እንግሊዝ ውስጥ ከዕለት ንግግር የጠፋ ድሮ የነበረ ቅርጽ ነው፣ አሜሪካኖቹ ይዘውት ቀሩ።

8. የት እንደማትገባ

ለጓደኛ ጽሑፍ፣ ለስልክ መልእክት፣ ለሰፈር ወሬ ጌት ንግሥት ናት። የሥራ ማመልከቻ ወይም ለመሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን ከአንድ በላይ ካየኋት ደስ አይለኝም። ደረሰኝ ለማለት «ሪሲቭ»፣ ሆነ ለማለት «ቢካም»፣ ደረስኩ ለማለት «አራይቭ» አሉላችሁ። የጻፋችሁትን አንዴ መልሳችሁ አንብቡና በየጌቷ ቦታ ትክክለኛውን ግስ አስገቡ።

9. አሁን በራሳችሁ ሞክሩ

ዛሬ የመጡላችሁን የእንግሊዝኛ መልእክቶች ክፈቱ፣ ጌት ወይም ጎት ያለበትን ሁሉ አውጡና ከጎኑ አንድ የአማርኛ ግስ ጻፉ። ማግኘት የሚለውን ላለመጠቀም ሞክሩ። ለመነሻ የሚሆን ልስጣችሁ፣ ወሬው የሌላ ሰው ነው፦

«አይ ጎት አፕ ሌት፣ ጎት ድሬስድ፣ ጎት ኦን ዘ ባስ፣ ጎት ቱ ወርክ ኤንድ ጎት ፋየርድ።»

አርፍጄ ተነሳሁ፣ ለበስኩ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ሥራ ቦታ ደረስኩ፣ ተባረርኩ። አምስት ጎት፣ ሰውዬው ግን ምንም አላገኘም።