በቴሌግራም እንቆቅልሽ የባልትና ሱቅ ደንበኛን እንዴት ማብዛት ይቻላል?

እርጥብ ስትሆን አረንጓዴ፣ ስትደርቅ ቀይ፣ ስትደቅ የምታስለቅስ። እንቆቅልሽ!

«በርበሬ» ብላችሁ ይሆናል። ልብ በሉ፤ መልሱን ስትፈልጉ ለጥቂት ሰከንድ ስለ ሌላ ነገር አላሰባችሁም። አንዲት የባልትና ሱቅ ባለቤት ከደንበኞቿ የምትፈልገው ይህችኑ ጥቂት ሰከንድ ነው።

ብዙ ትንንሽ ነጋዴዎች የቴሌግራም ቻናል አላቸው። ጠዋት ፎቶ፣ ማታ ዋጋ ይለጥፋሉ። ሰው መጀመሪያ ሰሞን ያያል። ከዚያ የቻናሉን ድምፅ ያጠፋና ይረሳዋል። ጨዋታ ያለበት ቤት ግን ሰው ሳይጠሩት ይመጣል።

ይህን ቻይናዎች ቀድመው ገብቷቸዋል። ፒንዱዎዱዎ የሚባለው የኦንላይን ገበያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መሥራቹ ኮሊን ሁዋንግ ከዚያ በፊት የጨዋታ ኩባንያ ነበረው። በገበያው መተግበሪያ ውስጥ ዛፍ የሚተከልበት ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ዛፉን ውሃ ያጠጣል። ውሃውን የሚያገኘው ደግሞ ዕቃ ሲያይ፣ ሲገዛና ጓደኛ ሲጋብዝ ነው። ዛፉ ሲያፈራ እውነተኛ ፍራፍሬ በሳጥን ቤቱ ድረስ ይላክለታል። እኔን የሚገርመኝ ይህ መጨረሻው ነው። ጨዋታው ስልክ ላይ ተጀምሮ ማዕድ ላይ ያልቃል።

የእኛ ሱቅ እንዲህ ያለ መተግበሪያ ለማሠራት ገንዘብ የለውም። አያስፈልገውምም። እንቆቅልሽ አለን፤ ቴሌግራም አለን። እስቲ አንድ የባልትና ሱቅ እንውሰድና ከመጀመሪያው እንጀምር።

1. አንድ ዓላማ ብቻ ምረጡ

የቀሩ ደንበኞችን መመለስ ነው? አዲስ ሰው ማምጣት ነው? ወይስ መደርደሪያ ላይ የቆየውን ምጥን ሽሮ መሸጥ? ሦስቱንም በአንዴ ከሞከራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

ከዚያ ደብተር አውጡ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ስንት ሰው እንደገዛ ጻፉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ይህ ቁጥር ከሌለ በኋላ የምታወዳድሩበት ነገር አይኖርም።

2. ሽልማቱ የሚበላ ይሁን

እዚህ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ አስቡ። ሽልማቱ ከራሳችሁ ሱቅ የወጣ፣ ዛሬ በእጃችሁ ያለ ነገር ይሁን።

እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ስክሪን በመንካት ሳንቲም የሚሰበሰብባቸው የቴሌግራም ጨዋታዎች ነበሩ፤ ኖትኮይን መጣ፤ ቀጥሎ ሐምስተር ኮምባት መጣ። በታክሲ ውስጥ፣ በካፌ፣ በዶርም ሰው ሁሉ ስልኩን ሲነካ ዋለ። የሐምስተሩ ሳንቲም እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2024 ሲከፋፈል ብዙዎች ለወራት ከጠበቁት በጣም ያነሰ ነገር ደረሳቸው። ያ ስሜት አሁንም አለ። «ተጫወቱና ተሸለሙ» የሚል ጽሑፍ ሲያይ «እንደዚያኛው እንዳይሆን» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ነው። ስለዚህ «ነጥብ ሰብስቡ፤ ወደፊት ወደ ብር ይቀየራል» የሚባል ነገር አትጀምሩ። ግማሽ ኪሎ ሽሮ በሉ፤ ፎቶውን ለጥፉ፤ የሚሰጥበትን ቀን ጻፉ።

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። ግማሽ ኪሎ ሽሮ ከነማሸጊያውና ከነማድረሻው 150 ብር ያስወጣችኋል እንበል። በሳምንት 2 አሸናፊ ቢኖር 300 ብር ነው። በ4 ሳምንት 1,200 ብር ይሆናል። ከአንድ ግዢ የምታተርፉት በአማካይ 80 ብር ከሆነ፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ 15 ተጨማሪ ግዢ ያስፈልጋችኋል። 15 ሰው የማታመጡ ከመሰላችሁ ሽልማቱን አሳንሱ። በራሳችሁ ዋጋ አስሉት፤ የእኔ ቁጥር ለምሳሌ ብቻ ነው።

ወቅቱንም እዩ። በዐቢይ ጾም የቅቤ ቅመም መሸለም አይሆንም። ያን ጊዜ የሽሮና የምስር ሰዓት ነው። የቅቤው ቅመም ለፋሲካ ሰሞን ይቆይ።

3. የመጫወቻውን ቦታ አዘጋጁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቻናል ላይ የምትለጥፉት ጥያቄ ማን ምን እንደመለሰ አያሳይም። ቁጥር ብቻ ነው የምታዩት። ስለዚህ ከቻናሉ ጎን ግሩፕ ክፈቱና ጨዋታው እዚያ ይሁን። ቻናሉ ማስታወቂያ መንገሪያ፣ ግሩፑ መጫወቻ ይሆናል።

ግሩፑ ውስጥ የማያያዣዋን ምልክት ንኩና «ፖል» የሚለውን ምረጡ። ጥያቄውንና አማራጮቹን ጻፉ። «ኩዊዝ» የሚለውን አብሩ። ስም የሚደብቀውን «አኖኒመስ» የሚለውን አጥፉ። ትክክለኛው መልስ ላይ ምልክት አድርጉ። ከታች ማብራሪያ የሚጻፍባት ቦታ አለች። እሷን ባዶ አትተዉ። ሰው ከመለሰ በኋላ የሚያነባት እሷን ነው፤ የዕቃችሁ ወሬ የሚገባውም እዚያ ነው።

በተከታታይ 10 ጥያቄ ለመጠየቅ ከፈለጋችሁ ኩዊዝቦት የሚባል የቴሌግራም የራሱ ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም፣ አለ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ይቀበላችኋል። ለእያንዳንዱ የሰከንድ ገደብ ታስቀምጣላችሁ። ግሩፑ ውስጥ ስታስጀምሩት እሱ ራሱ እየጠየቀ ይሄዳል፤ መጨረሻ ላይም ደረጃ ያወጣል። በደንብ ያወቀና የፈጠነ ከላይ ይወጣል። ማንም «አድልታችኋል» አይላችሁም።

ይህ ሁሉ ጽሑፍ ስለሆነ ዳታ ብዙ አይበላም። ቪዲዮ ለማየት ካርድ የሚቆጥብ ደንበኛ እንቆቅልሹን ሳይሰስት ይጫወታል።

ቴሌግራም ላይ ሲላክ የሚሽከረከር ዳይስም አለ። ለሳቅ ይሁን፤ ሽልማት ግን አትንጠልጥሉበት። ምክንያቱን ቁጥር 5 ላይ እነግራችኋለሁ።

4. ጥያቄዎቹን ከመደርደሪያው ቅዱ

«የፈረንሳይ ዋና ከተማ ማን ናት?» የሚል ጥያቄ ሱቃችሁን አይጠቅምም። ጥያቄው ሁሉ ከጓዳ ይውጣ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ።

«ቅቤ ሲነጠር መዓዛ እንዲሰጠው የሚገባው ቅጠል የቱ ነው?» አማራጮቹ ኮሰረት፣ ጌሾ፣ እንሶስላና ዳማከሴ ይሁኑ። መልሱ ኮሰረት ነው። ማብራሪያው ላይ እንዲህ ጻፉ፦ «ጌሾ ለጠላ ነው፤ እንሶስላ ለእጅና ለእግር ማስዋቢያ፤ ዳማከሴ ለምች። የደረቀ ኮሰረት ትናንት ገብቷል።» ሰውየው ተሳስቶም ቢሆን አንድ ነገር አወቀ። ኮሰረት መግባቱንም ሰማ። ማስታወቂያ እንዳነበበ ግን አልተሰማውም።

ፎቶም ይሠራል። ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ጎን ለጎን አድርጉና «ድፎ ዳቦ ላይ የሚነሰነሰው የቱ ነው?» በሉ። ኮረሪማውን ሳትፈለፍሉ ከላይ ፎቶ አንሱትና «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በከተማ ያደጉ ልጆች የተፈጨውን እንጂ ፍሬውን አያውቁትም። እናቶች ግን ሲያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ልጆቻቸውንም ጠርተው ያሳያሉ። ያኔ አንድ ስልክ ላይ ሦስት ሰው ይጫወታል።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣን። እንቆቅልሽ ሲባል «ምን አውቅልህ» ይባላል። ያቃተው «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ይሰጣል። ይህን አትተዉት። በየሳምንቱ 1ኛ የወጣው ሰው አገር ይምረጥ። ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ደሴን፣ አርባ ምንጭን፤ የፈለገውን። የተወሰደው ከተማ ከነተጫዋቹ የቴሌግራም ስም ዝርዝር ላይ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው አይወስደውም። ወጪው ዜሮ ነው። ግን ሰው «ጅማን ቀድመውኝ ይወስዷታል» ብሎ በሰዓቱ ይገኛል። ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ዘመድ ያለበትን ከተማ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ዝርዝሩን ስታዩ በርበሬ ወዴት መላክ እንደሚያዋጣ ፍንጭ ታገኛላችሁ።

5. ሰዓቱንና ደንቡን ቁርጥ አድርጉ

ቀኑና ሰዓቱ አይቀያየር። ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ ሐሙስ ማታ 3 ሰዓት። ይህ ሰዓት ለውጭ ደንበኞችም ይመቻል። ያን ጊዜ ሪያድም እንደ አዲስ አበባ ምሽት ነው። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ገና ከቀትር በኋላ ነው። ውጭ ያለች እህት ሽልማቱን ካዛንቺስ ላለች እናቷ ልታደርስ ትችላለች። ይህን ደንቡ ላይ ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ለበዓል ቤተሰብ የምታዘው እሷ ናት።

ደንቡ አጭር ይሁን። አንድ ሰው በአንድ አካውንት፤ የሱቁ ቤተሰብ አይጫወትም፤ ሽልማቱ ይህ ነው፤ በዚህ ቀን ይደርሳል። ግሩፑ ላይ ከላይ ሰክታችሁ አስቀምጡት።

ለመጫወት ደግሞ ብር አታስከፍሉ። ብር ከፍሎ ዕጣ መጠበቅ ሎተሪ ነው። ሎተሪ ያለ ፈቃድ አይካሄድም። ዳይሱን ተዉት ያልኩትም ለዚህ ነው። ጨዋታችሁ ነጻ ይሁን፤ የሚያሸንፈውም ያወቀ እንጂ ዕድል የወጣለት አይሁን። በዕጣ መሸለም ካማራችሁ መጀመሪያ ፈቃድ ሰጪውን አካል ጠይቁ።

የአሸናፊውን ስልክና አድራሻ በውስጥ መስመር ተቀበሉ እንጂ ግሩፑ ላይ አትጠይቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጁ ባይኖርም የሴት ደንበኛን ስልክ ሕዝብ መሐል መዘርገፍ ነውር ነው።

6. ሽልማቱን በማግስቱ አድርሱ

በሳምንቱ አይደለም፤ በማግስቱ። ሰው ሲፈቅድ ብቻ ሽልማቱን ሲቀበል ፎቶ አንስታችሁ ለጥፉ። ካልፈቀደ የታሸገውን ሽሮ ፎቶ ከነቀኑ ለጥፉ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ብዙ ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ሽልማቱ እንደደረሰ ሲያይ ነው የሚገባው።

አጭበርባሪም ይህን ይጠብቃል። በእናንተ ስምና አርማ አካውንት ከፍቶ «አሸንፈሃል፤ ለማድረሻ ይህን ያህል ብር ላክ» ይላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህን ጽፋችሁ ስቀሉ፦ «ሽልማት ለመስጠት ምንም ብር አንጠይቅም።» የራሳችሁን አካውንትም በባለሁለት ደረጃ የይለፍ ቃል ቆልፉት። ቻናሉ ከተወሰደባችሁ ሱቁ እንደተዘረፈ ቁጠሩት።

7. ጨዋታውን ከሽያጩ አገናኙት

ዘዴው ቀላል ነው። የሳምንቱ ዋና ጥያቄ መልስ የቅናሽ ቃል ይሁን። በዚህ ሳምንት ቃሉ «ኮሰረት» ነው። እስከ እሑድ ድረስ ሲያዝ «ኮሰረት» ያለ ሰው ትንሽ ቅናሽ ያገኛል፤ ወይም ትንሽ ፓኬት ጥቁር አዝሙድ ይመረቅለታል። ያላሸነፈውም ባዶ እጁን አልሄደም። እናንተ ደግሞ ቃሉን ያለውን እየቆጠራችሁ ከጨዋታው የመጣውን ግዢ ለይታችሁ ታውቃላችሁ።

ክፍያው በቴሌብር፣ በኤምፔሳ ወይም በባንክ ሊሆን ይችላል። የማሳስባችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የተላከላችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። ስክሪንሾት በደቂቃ ይቀነባበራል። ቴሌብር ከሆነ መተግበሪያውን ከፍታችሁ ወይም *127# ደውላችሁ ብሩ መግባቱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያ በኋላ ዕቃው ይውጣ። በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ ሰው ሲበዛና እጅ ሲጣደፍ።

8. ከ4 ዙር በኋላ ደብተሩን ክፈቱ

በቁጥር 1 የጻፋችሁትን ከአሁኑ ጋር አወዳድሩ። ቃሉን ብለው የገዙት 15 ሞልተዋል? ከሞሉ ቀጥሉ። ካልሞሉ ሁሉንም በአንዴ አትቀይሩ። መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሩና 2 ዙር ሞክሩ። ከዚያ ጥያቄዎቹን። ሽልማቱን ማሳደግ የመጨረሻው ይሁን፤ ትልቅ ሽልማት ለሽልማቱ ብቻ የሚመጣ ሰው ይጠራል።

ጨዋታው ሲለመድ አንድ ሰው መጥቶ «ሚኒ አፕ ልሥራላችሁ» ይላችኋል። ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈቱት እነዚህ ትንንሽ መተግበሪያዎች ከእ.ኤ.አ. 2022 ወዲህ የመጡ ናቸው። ጥሩ ነገር ናቸው። ጨዋታውን፣ ዕቃውንና ትዕዛዙን አንድ ቦታ ያመጣሉ። ግን ደብተራችሁ ላይ ቢያንስ የ3 ወር ቁጥር ሳይኖር እሺ አትበሉ። ስታሠሩም ሚኒ አፑ የሚከፈትበት ቦት ቁልፍ የሆነው ረጅም ኮድ በእናንተ ስልክ በተከፈተ አካውንት ይውጣ። ኮዱ በሠሪው እጅ ብቻ ከቀረ ቦቱ የእሱ ነው።

ማቆም ከፈለጋችሁም ድንገት አትጥፉ። የመጨረሻውን ሽልማት አድርሱ። የአገሮቹን ዝርዝር ሙሉውን ለጥፉ፤ ማን ጎንደርን፣ ማን ሐረርን እንደያዘ ሰው ይየው። ከታች የሚመለስበትን ቀን ጻፉ፦ «ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ሐሙስ፣ ማታ 3 ሰዓት።»