የወደቀ እንጨት ሲያስቸግር

ደብረ ብርሃን ውስጥ የምቀርጸው እንጨት አብዛኛው ከፈረሰ ቤት የወጣ የጥድ ምሰሶ ወይም በወፍ ዋሻ ደን ዙሪያ ነፋስ የጣለው የወይራ ቅርንጫፍ ነው። የወደቀም ቢሆን ከደን የሚወጣው በፈቃድ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ከዚያ በኋላ የሚገጥማችሁ ችግር እነሆ።

ገበታው በአንድ ሌሊት ተሰነጠቀ

አንድ ጊዜ የወይራ ገበታ ቀርጬ ማታ ምድጃ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጠዋት ከጠርዙ እስከ መሃሉ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሦስት ቀን የለፋሁበት ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

እርጥብ እንጨት ውሃውን ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ በኩል ቶሎ ያወጣል። ጫፉ ደርቆ ሲኮማተር ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ስለዚህ ይቀደዳል። በዚያ ላይ እንጨት በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከልቡ፣ ማለትም ከግንዱ መሃል፣ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ልቡ ያልወጣለት ድፍን ግንድ የሆነ ቦታ መሰንጠቁ የማይቀረው ለዚህ ነው። የእኛ አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ደረቅ ብርድ ደግሞ ያባብሰዋል።

ግንዱን እንዳገኛችሁ በዚያው ቀን ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም ወይም በተረፈ የዘይት ቀለም ቀቡ። በልቡ በኩል ለሁለት ፍለጡና ልቡን አውጡ። ገበታ ከሆነ ወፍራም አድርጋችሁ ጀምሩት፦ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው 3 ሳንቲሜትር ግድግዳ ተዉለት። ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር ጆንያ ውስጥ ክተቱት፣ ጥላ ቦታ አስቀምጡት፣ በየሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል፤ ያኔ ጨርሱት። ቀድሞ የተሰነጠቀውንም ሳይደርቅ አትድፈኑት። ከደረቀ በኋላ ከራሱ እንጨት ቀጭን ሽብልቅ ቀርጻችሁ በኮላ አስገቡ።

ዱቄት ይራገፋል

ትንንሽ ቀዳዳና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ትል ነበረ ወይም አለ። ለመለየት ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና ጥቂት ሳምንት ጠብቁ። አዲስ ዱቄት ከወረደ ትሉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ስለሆነ እሱን ጠርባችሁ አስወግዱና አቃጥሉት። ቀዩን የጥድ የውስጥ እንጨት ግን እምብዛም አይደፍረውም።

መሮው ተሸረፈ

የቆየ ምሰሶ ውስጥ የተሰበረ ምስማር ይቀራል። እንጨቱ ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ጥቁር እድፍ ካለ ብረት አለበት ብላችሁ ጠርጥሩ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ቀስ እያላችሁ አስኪዱበት፤ የሚስብበትን ቦታ በከሰል ምልክት አድርጉ። እኔ ምስማሩን ካወጣሁ በኋላ እድፉን አልነካውም። የቤቱ ታሪክ ስለሆነ ደስ ይለኛል።

ዘይቱ አልደርቅ አለ

ጥድ ላይ የተቀባ የተልባ ዘይት ቀናት አልፈውት እጅ ላይ ይጣበቃል። ጥድ የራሱ ቅባት ስላለው ማድረቁን ያዘገየዋል፤ ወፍራም መቀባት ደግሞ ይጨምርበታል። የተጣበቀውን በተርፐንታይን ጥረጉ። አዲሱን በስሱ ቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ትርፉን በደንብ ወልውሉ፣ አየር የሚያገኝበት ቦታ አቆዩት።

የወለወላችሁበትን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፤ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ሊነድ ይችላል። ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት።