ክፉ ቀን ሳይመጣ ቤተሰብን እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ታመመ። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ደረስን። ማስያዣ ክፈሉ ተባልን። ብር አልነበረንም ማለት አይደለም። አባቴ «ለክፉ ቀን» እያለ ለዓመታት ያጠራቀመው ነበረው። ግን ብሩ ያለው ስልኩ ውስጥና ባንክ ነው። የስልኩን መክፈቻም የሚስጥር ቁጥሩንም የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አልጋ ላይ ተዘርግቶ አንደበቱ ተሳስሯል። እናቴ ቦርሳዋን ስታራግፍ 640 ብር ወጣ። መሬት የወደቀችውን የ10 ብር ኖት ጎንበስ ብላ ስታነሳ እጇ ሲንቀጠቀጥ አሁንም ይታየኛል። ማስያዣውን የከፈለልን ያው መኪናውን የነዳልን ጎረቤት ነው።

አባቴ ተሽሎታል፣ ተመስገን። ብር ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው። የተቀመጠው የት እንዳለና እንዴት እንደሚወጣ ቤተሰቡ ማወቁ ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ጥሪት ያ ሰው ሲታመም አብሮት ይታመማል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚያ ሌሊት በኋላ እኛ ቤት ያደረግነውን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እርምጃዎች ምንም ብር አይጠይቁም፤ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ።

1. ቡና አፍልታችሁ ተነጋገሩ

ስለ ገንዘብ ልጆች ፊት ማውራት ነውር የሚመስለን ብዙ ነን። ባል ደመወዙን በትክክል አይናገርም፣ ሚስት ጓዳ ያስቀመጠችውን አትናገርም። ሁለቱም ለቤቱ አስበው ነው። ግን ክፉ ቀን ሲመጣ ሁለቱም ብቻቸውን ይጨነቃሉ።

እሁድ ከሰዓት ቡና ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ አንሱ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደመወዝ ቢቀር ስንት ቀን እንዘልቃለን? ከመካከላችን አንዱ ሌሊት ቢታመም የት እንወስደዋለን፣ በምን ብር? በድንገት ከቤት ብንወጣና ብንጠፋፋ የት እንገናኛለን?

መልስ ካጣችሁ አትደንግጡ፤ እኛም አጥተን ነበር። ልጆችም ይስሙ። ልጅ የሚፈራው ወላጆቹ ሹክ ሹክ ሲባባሉ ነው እንጂ «እንዲህ ከሆነ እንዲህ እናደርጋለን» ሲሉ አይደለም።

2. አንድ ደብተር፣ አንድ ፎልደር

ደብተሩ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው፦ በየትኛው ባንክ በማን ስም ሂሳብ አለን፣ ለማን አበድረናል፣ ከማን ተበድረናል፣ እቁቡ ስንት ነው፣ ዳኛው ማን ነው፣ እድሩ እስከ መቼ ተከፍሏል። የሚስጥር ቁጥር ግን ደብተር ላይ አይጻፍም። አባቴ የግፊት መድኃኒት ይወስዳል። ያን ሌሊት ሐኪሙ «ስሙ ማን ነው? ስንት ሚሊግራም?» ሲል «ነጯ ክኒን» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። አሁን የየሰው መድኃኒት ከነመጠኑ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ከሱ ሥር ስልክ ቁጥሮች አሉ፦ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ ለአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስልክ ባትሪ ሲጨርስ የዘመድ ቁጥርም አብሮ ይጠፋልና የሦስት ሰው ቁጥር በእጃችሁ ጻፉ።

ፎልደሩ ውስጥ የልደትና የጋብቻ ሰርተፍኬት፣ የፋይዳ ቁጥር፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የእድር ደብተር፣ የትምህርት ማስረጃ ይገባል። ኮፒውን ሌላ ቤት ለሚኖር የምታምኑት ዘመድ ስጡ። ውጭ ሀገር ወንድም ወይም እህት ካላችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላቸው።

ውክልና ያላቸው ብዙ ሰዎች በዚህ ተዘናግተው አይቻለሁ። ውክልና ጥሩ ነው፤ ግን ወካዩ ሲሞት ይቋረጣል። የሟች ሂሳብም ወራሾች ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ እስኪያመጡ አይነካም። ቀብርና ሐዘን ደግሞ ያንን አይጠብቁም። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ወር ወጪ የሚሆን ብር ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ማውጣት በሚችሉት ሂሳብ ይቀመጥ።

3. የመኖሪያችሁን ልክ እወቁ

«ስንት ታገኛላችሁ?» ሲባል ሁሉም ያውቃል። «ያለምን መኖር አይቻልም? በስንት?» ሲባል ግን ዝም ነው። ለአንድ ወር ወጪያችሁን ጻፉ፣ የታክሲውንም የስልክ ካርዱንም። ከዚያ ለሁለት ክፈሉት፦ ካልተከፈለ ቤት የሚያናጋውና ቢቀር የምንችለው።

ለምሳሌ የአንድ ቤት ወርሃዊ ወጪ 24,000 ብር ነው እንበል። ኪራይ 9,000፣ አስቤዛ 6,500፣ ትምህርት ቤት 2,000፣ ትራንስፖርት 1,200፣ መብራት፣ ውሃና መድኃኒት 1,300 ቢሆን ሲደመር 20,000 ይመጣል። የዚህ ቤት የክፉ ቀን ልክ 20,000 ነው። ሦስት ወር ለመዝለቅ 60,000 ያስፈልጋል። ይህን ቁጥር ስታዩ ልባችሁ ይወርዳል፤ አውቃለሁ። እኛ መጀመሪያ ያሰብነው የአንድ ሳምንት ወጪ ብቻ ነበር። እሱ ሲሞላ የአንድ ወር አልን። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ፤ ደመወዝ በገባ ቀን ቀድማችሁ ቀንሱ። ወር መጨረሻ ላይ የሚተርፍ ብር የለም።

4. ሁሉን አንድ ቦታ አታስቀምጡ

ትንሽ ጥሬ ብር ቤት ይኑር። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ ሞባይል ባንኪንግ አይሠራም፤ የሌሊት ታክሲም በጥሬ ብር ነው። ቀሪው ባንክ ይሁን፤ ባይሆን ቴሌብርም ባንክም ላይ ከፋፍሉት። የኢትዮጵያ ተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል።

በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል ያየነውን አንርሳ። ዕቃው፣ ጥሬ ብሩ፣ የዱቤ መዝገቡ ሁሉ ሱቅ ውስጥ የነበረ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል። ሱቅ ያላችሁ የዱቤ መዝገባችሁን በየሳምንቱ ፎቶ አንሱ።

ከጥሪታችሁ የተወሰነው ደግሞ እህል ይሁን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይት የሸመተ ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያውቀዋል። ባንክ የተቀመጠ ብር ቁጥሩ አይቀንስም፣ የሚገዛው ነው የሚቀንሰው። አዝመራ በገባ ጊዜ፣ ዋጋው ረገብ ሲል፣ ጤፍ ከዘመድ ጋር በኩንታል ገዝቶ መካፈል ጥሩ ቁጠባ ነው።

5. እቁብ፣ እድርና ጤና መድን የየራሳቸው ሥራ አላቸው

እዚህ ላይ ረዘም ብዬ ማውራት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

እቁብ የግድ ያስቆጥባል፤ ለዚህ እወደዋለሁ። ግን የክፉ ቀን ብር አይደለም። ዕጣው የሚወጣው በራሱ ቀን ነው፣ በሽታ ደግሞ ዕጣ አይጠብቅም። መጀመሪያ ላይ የወጣለት ሰው በተግባር ተበዳሪ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እየከፈለ ይጨርሳል። መጨረሻ ላይ የሚወጣለት ነው ቆጣቢው። በደህና እቁብ ችግር የገጠመው ሰው ለዳኛው ነግሮ ተራ ይቀያየራል። ስትገቡ ይህ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ዋስ የሌለው እቁብ ውስጥ ደግሞ ባትገቡ ይሻላል።

እድር የሚደርሰው ለሞት ነው። ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ከሁሉም በላይ ሰውን ይዞ ይመጣል። አሁን አሁን ለታመመ አባልም የሚያዋጡ እድሮች አሉ። የናንተ እድር ደንቡ ምን ይላል? አንብባችሁት ታውቃላችሁ? በመንገድ ልማት ምክንያት ከሰፈራቸው ተነስተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ቤተሰቦች የድሮ እድራቸው ተበትኖ አዲሱ ውስጥ ሳይመዘገቡ ቆይተዋል። እናንተም እንደዚያ ከሆናችሁ በዚህ ሳምንት ተመዝገቡ።

በሽታን የሚይዘው ጤና መድን ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በወረዳው ወይም በቀበሌው ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይመዘገባል። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ምዝገባና እድሳትም የራሱ ወቅት አለው። ወቅቱ ካመለጠ የሚቀጥለውን መጠበቅ ይመጣል። ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። «እስካሁን ማንም አልታመመብንም» ብሎ እድሳት ያቆመ ቤት አውቃለሁ። በዚያው ዓመት የልጃቸው ቀዶ ሕክምና መጣ።

6. ጓዳው ለአንድ ሳምንት ይብቃ

ውሃ ከሁሉ ይቀድማል። ለመጠጥና ለማብሰል ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብናስብ አምስት ሰው ላለበት ቤት 15 ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ለአራት ቀን ይበቃል። ክዳናቸው የሚገጥም ይሁን፤ በፈረቃ ውሃ በመጣ ቁጥር አሮጌውን ለልብስ ተጠቀሙና አዲስ ሙሉ። የቆየውን ለመጠጣት አፍሉት፣ ወይም ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ጨምሩ።

ለምግብ እናቶቻችን ድሮ ጨርሰውታል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በውሃና በስኳር ተበጥብጦ ይጠጣል። ቆሎ አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ሽሮ አለ። ከሱቅ ውድ የታሸገ ምግብ መግዛት አያስፈልግም። አሮጌውን ቀድማችሁ ብሉ፣ የበላችሁትን ተኩ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ ቤት ይኑር። ከጠፋ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ ከሻማ ይሻላል። አንድ ነገር ግን በጣም አደራ እላለሁ፦ ከሰል። የጋመ ከሰል ጭስ ስለሌለው የማይጎዳ ይመስላል። የሚያወጣው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በር ዘግተው የተኙትን በእንቅልፋቸው ይገድላል። ቤት ውስጥ ካለ ሁላችሁንም አንድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ «የበላነው ምግብ ነው» ብላችሁ አትለፉት። በር ክፈቱ፣ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ 907 ደውሉ። ከሰል ይዞ መተኛት በፍጹም አይሁን፣ ብርዱ የፈለገውን ያህል ቢበረታ።

በ2017 ታኅሣሥና ጥር የአዋሽ ፈንታሌው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ኮንዶሚኒየም ያለነው በሌሊት ልብስ ደረጃ ላይ ተጋፋን። ትክክሉ ግን ሲንቀጠቀጥ አለመሮጥ ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ከመስኮት መራቅ፣ ሲቆም በደረጃ መውረድ። ሊፍት አይሞከርም።

7. ገቢ ከተቋረጠ በመጀመሪያው ሳምንት

መጀመሪያ ለቤተሰቡ ተናገሩ፣ በዚያው ቀን። ለሁለት ወር በየጠዋቱ ለብሶ ሥራ የሄደ እየመሰለ ካፌ የሚውል ሰው አውቅ ነበር። ያለችውን ጥሪት በታክሲና በማኪያቶ ጨረሳት።

ቀጥሎ መብታችሁን አስሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት የሠራ የ1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት የሠራ የ2 ወር፣ ከዚያ በላይ የ3 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። በቅነሳ የወጣ ሠራተኛ የስንብት ክፍያም አለው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ዓመት ሁሉ የዚያ ሲሶ። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ተከራይ ከሆናችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። ቢሆንም ኪራዩ ከመድረሱ በፊት አከራዩን አናግሩ። «እትዬ፣ ይህ ወር ይቸግረናል፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን በሃያ ቀን» ማለት ከመጥፋት ይሻላል። ትምህርት ቤቱንም እንደዚሁ። አራጣ ግን አትጠጉ፤ ቴሌቪዥን መሸጥ ይቀላል።

ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ሲቸግር ብቻ አትደውሉ። ዱባይ ወይም አሜሪካ ያለችው እህት የራሷ ኪራይ አለባት። በደህናው ቀን «የምር ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ስንት ድረስ ትችያለሽ?» ብላችሁ ተነጋገሩ። የእኛዋ መጠኑን ነገረችን፤ ደብተሩ ላይ ጽፈነዋል፤ እስካሁን አልጠየቅናትም።

ደብተሩን በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ እናድሰዋለን። ትናንሽ ቀናት ናቸው፣ ሁሉም ቤት ነው። ስልኮቹ እየተደወሉ ይረጋገጣሉ፣ የባትሪው ድንጋይ ይቀየራል፣ በሶው ይታያል። ከእራት በኋላ ቆጣሪውን እናጠፋና ታናሽ ወንድሜ የእጅ ባትሪውን፣ ፎልደሩንና የአባቴን መድኃኒት በጨለማ ፈልጎ በር ላይ ያመጣል። አምና አራት ደቂቃ ፈጀበት፤ መድኃኒቱ ቦታው ላይ አልነበረም።