ልጅዎን ሰመር ካምፕ ሲልኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የእኛ ሥራ አይዘጋም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያለን ብዙ ወላጆች ልጆቻችንን ጠዋት ካምፕ አድርሰን ማታ እንወስዳለን። ካምፕ ግን እንደ ትምህርት ቤት ጊዜ አይሰጥም። ብዙው ምዝገባ በሳምንት ነው፣ ልጆቹ አይተዋወቁም፣ ልጆቹን ከሚጠብቁት ካውንስለሮችም ብዙዎቹ ገና የሃይስኩልና የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። አስተማሪ በወራት የሚደርስበትን ትንኮሳ ወይም ጥቃት እነሱ በአምስት ቀን ላያዩት ይችላሉ። “እስቲ ትንሽ እንየው” ስንል ሳምንቱ ያልቃል።

ዋጋና ሰዓት ብቻ ጠይቆ መመዝገብ

በሜሪላንድ የልጆች ካምፖችን የሚቆጣጠረው የስቴቱ ጤና መሥሪያ ቤት ስለሆነ የምስክር ወረቀታቸውን ለማየት ይጠይቁ። ሠራተኞቹ ባክግራውንድ ቼክ (የወንጀል ታሪክ ማጣራት) ማለፋቸውንም ያረጋግጡ። የአሜሪካ ካምፕ ማኅበር ለቀን ካምፕ ያወጣው መለኪያ ከ6 እስከ 8 ዓመት ላሉ ለ8 ልጆች፣ ከ9 እስከ 14 ላሉ ለ10 ልጆች አንድ ተቆጣጣሪ ነው። እኔ ግን ከሁሉ የማስቀድመው ጥያቄ ይህ ነው፦ አውቶቡስ ውስጥ፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይና ልብስ መቀየሪያው ጋ የሚቆመው ማነው? ትንኮሳ የሚበዛው የትልቅ ሰው ዓይን በሌለበት ነው። ዳይሬክተሩ ለዚህ ጥያቄ መልስ ካጣ ሌላ ካምፕ ይፈልጉ።

ተራ ጠብንና ቡሊ ማድረግን አለመለየት

ሁለት እኩዮች በኳስ ተጣልተው ከሰዓት አብረው ከተጫወቱ ጠብ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሲሠራ የኖረው ተመራማሪ ዳን ኦልቬውስ ቡሊን የለየው በሦስት ነገር ነው፦ ሆን ተብሎ መደረጉ፣ መደጋገሙና የአቅም አለመመጣጠን። አምስት ቀን በሚቆይ ካምፕ ሁለት ቀን መደጋገም ብዙ ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ በቡጢ አይመጣም። ምሳ ዕቃው ሳይነካ ሲመለስ “አልራበውም ነበር” ብለው አይለፉት። ክዳኑን ሲከፍት አጠገቡ ያሉት አፍንጫቸውን ይዘው “ምንድነው የሚሸተው?” ብለውት፣ ፍርፍሩን መልሶ ከድኖ ከፎጣው ሥር ደብቆት ይሆናል። በማግስቱ “እማ፣ ሳንድዊች ብቻ አድርጊልኝ” ይላል፣ ምክንያቱን ግን አይናገርም። “እንዴት ዋልክ?” ሲባል መልሱ “ደህና” ነው። “ምሳ ላይ አጠገብህ ማን ተቀመጠ? ቡድን ሲመረጥ መጨረሻ የቀረው ማነው?” ቢሉት ግን ወሬው ይከፈታል።

“አንተስ እጅ የለህም?” ማለት

ይህችን ምክር ብዙዎቻችን ሰምተን አድገናል። ካምፕ ውስጥ ግን የተማታ ልጅ ማን እንደጀመረ ሳይጣራ ወደ ቤት ሊላክ ይችላል። ትንሹ ልጅ ትልቁን መምታት ካልቻለ ደግሞ ቤት ሲመጣ በእርስዎም ፊት እንደገና ይሸነፋል፤ ከዚያ በኋላ አይነግርዎትም። “ዝም በለው፣ ይተውሃል” ማለትም ከዚህ አይሻልም። ማታ አብራችሁ ተለማመዱ፦ ቀና ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ “ተው፣ አልፈልግም” ይበልና ወደ ካውንስለሩ ይሂድ። ሌላው ሲነካ እንዲደርስለትም ይንገሩት። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ በካናዳ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ሲገባ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ትንኮሳው በ10 ሴኮንድ ውስጥ ይቆማል።

በይሉኝታ ዝም ማለት

“የተንኳሹን ልጅ እናት ከቤተ ክርስቲያን አውቃታለሁ፣ እንዴት አድርጌ?” ይባላል። ለእሷ መደወልዎ ግን የልጆቹን ጉዳይ የትልልቅ ሰዎች ጠብ ሊያደርገው ይችላል። የዚያኑ ዕለት ማታ ለዳይሬክተሩ ኢሜይል ይጻፉ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል እንዳለ። መጨረሻው ላይ “ነገ ጠዋት ምን ይለወጣል?” ብለው ይጠይቁ።

ይሉኝታ ይበልጥ የሚያሰጋኝ በራሳችን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት የክረምት ትምህርት ላይ ነው። ፊደል የሚያስቆጥረው ሁሉ ዘመድ ስለሚመስለን ማጣራቱም ቁጥጥሩም ይቀራል። በጎ ፈቃደኛም ይሁን የተከበረ ሽማግሌ፣ ትልቅ ሰው ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን መሆን የለበትም። ደንቡ ለሁሉም እኩል ከሆነ ማንም ተጠረጠርኩ ብሎ አይቀየምም።

ነውር ነው ብሎ ስለ ሰውነት አለማውራት

ልጁ የሰውነቱን ክፍሎች በስማቸው ይወቅ፤ “ለእናትህ እንዳትነግር” የሚል ትልቅ ሰው ካለ ቶሎ እንዲነግርዎ አስቀድመው ይንገሩት። ጥቃት ከጠረጠሩ ልጁን በጥያቄ ደጋግመው አያስጨንቁት። በልጆች ላይ ለሚደርስ ጥቃት የተቋቋመው የስልክ መስመር ቻይልድሄልፕ በ1-800-422-4453 ሌሊትም ቀንም በአስተርጓሚ ያነጋግራል። አደጋው አሁን ከሆነ 911 ይደውሉ።

“የእኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም” ማለት

ከካምፕ ተደውሎ ተንኳሹ የእርስዎ ልጅ ነው ቢባሉ ክርክር አይጀምሩ። ያየው ሰው ያየውን እንዲነግርዎ ይጠይቁ። ማታ ልጁን ሳይቆጡና ሳይገርፉ ያስጨርሱት፣ ያደረገውን በራሱ አፍ ይናገር። በማግስቱ ቀደም ብለው ይድረሱና አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት የት እንደሚቀመጥና በእረፍት ሰዓት ማን እንደሚከታተለው ከካውንስለሩ ጋር ይስማሙ።