የዎልፔፐር አፕ ስትጭኑ የምትሳሳቱት እዚህ ጋ ነው

ባለፈው የአክስቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ «አንቺ፣ ይሄ ነገር ያንቺን ሥዕል አይመስልም?» አለኝ። ምን መምሰል ብቻ፣ ራሱ ነው። መስኮት አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠች ሴት፣ ጎኗ የተዘጋ ሰማያዊ ጃንጥላ። ሦስት ቀን ፈጅታብኛለች። ከታች በስተቀኝ የነበረው ፊርማዬ ግን የለም። አጥብቄ ሳየው የመጨረሻዋ ፊደል ጭራ ቀርታለች። የቆረጠው ሰው ቸኩሎ ነበር መሰለኝ። ከሥሯ ደግሞ በወርቃማ ጽሑፍ «ኤክስክሉሲቭ ኦሪጅናል አርት» ይላል።

የምሥለው በታብሌት ነው፤ ጥቂቶቹን ለስልክ ዎልፔፐር (ስክሪኑ ላይ ከአይከኖቹ ኋላ ለሚታየው ሥዕል) ብዬ አዘጋጃቸዋለሁ። ስለዚህ ብዙ ሰው «እስቲ ጥሩ የዎልፔፐር አፕ ጠቁሚኝ» ይለኛል። እጠቁማለሁ። ሄዶ የማይሆነውን ጭኖ ይመጣል። ሁሌ ያንኑ ከምደጋግም ልጻፈውና ልገላገል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።)

የሰዓሊውን ስም አለማየት

ሌላውን ሁሉ ብትረሱት ይሄን አትርሱ። «ኦሪጅናል ሥዕል አለን» የሚል አፕ ከፍታችሁ አንዱን ሥዕል ነካ አድርጉት። ከሥሩ የማን ስም አለ? ስም ከሌለ አፑን አጥፉት፣ በቃ። «ሥዕሎቹ ግን ያምራሉ እኮ» አትበሉኝ። ከሌላ ሰው የተወሰዱ ስለሆኑ ነዋ የሚያምሩት!

ስም ካለም ቶሎ ደስ አይበላችሁ። ስሙን ንኩትና ወደ ሰዓሊው ገጽ ይወስዳችሁ እንደሆነ እዩ። ሌሎች ሥራዎቹንም ተመልከቱ። የአንድ እጅ ሥራ ያስታውቃል። የቀለም ምርጫው፣ የመስመሩ አጣጣል፣ ብርሃኑ የሚገባበት ጎን ይመሳሰላል። በአንድ ስም ሥር አንዱ የውሃ ቀለም፣ አንዱ የጃፓን ካርቱን፣ አንዱ የሚያብረቀርቅ የውድድር መኪና ከሆነ፣ ያ ሰው ሰዓሊ ሳይሆን ለቃሚ ነው። ከዚያ ሰዓሊውን ከአፑ ውጪ ፈልጉት። «ሥራዎቼ እዚህ አፕ ላይ አሉ» ብሎ በራሱ ገጽ ከተናገረ ጥሩ አፕ አግኝታችኋል። አሁንም ከጠረጠራችሁ ሥዕሉን በጉግል ሌንስ፣ ማለትም በምስል በሚፈልገው የጉግል መሣሪያ፣ ፈልጉት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የኔዋ ባለ ጃንጥላ የተገኘችው እንደዚያ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ውጤት የኔው ገጽ በሆነ ነበር።

ቁጥርም ያጋልጣል። «በየቀኑ 500 አዳዲስ ኦሪጅናል ሥዕሎች» የሚል አፕ አይቻለሁ። እኔ አንዷን በሦስት ቀን ነው የምጨርሰው። በኔ ፍጥነት ከሆነ 1,500 ሰዓሊ ያለ እረፍት ተቀምጦ መሥራት አለበት። የት ነው ያሉት እነዚህ ሰዎች? ወይ ከኢንተርኔት የተለቀመ ነው፣ ወይ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) የፈበረከው። ኤአይ የሠራው ከተመቻችሁ መብታችሁ ነው። ከ2023 ወዲህ፣ አንድሮይድ 14 ሲመጣ፣ አንዳንድ ስልኮች ራሳቸው እንዲህ ያለ ዎልፔፐር በነጻ መሥራት ጀምረዋል። «በሰዓሊ የተሠራ» ተብሎ ግን አይሸጥላችሁ።

የሞቱ ሰዓሊዎችን ሥራ የሚቸበችቡም አሉ። የጃፓናዊው ሰዓሊ የሆኩሳይ ትልቁ ማዕበል በ1831 አካባቢ የተሠራ ነው። የቫን ጎ ባለ ከዋክብቱ ሌሊት የ1889 ነው። የሁለቱም የባለቤትነት መብት ካበቃ ቆይቷል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ማዕበሉን ጨምሮ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎችን ከ2017 ጀምሮ ማንም በነጻ እንዲወስድ ለቋል። አፑ ውስጥ ግን ያው ማዕበል የዘውድ ምልክት ተደርጎበት «ለፕሪሚየም ደንበኞች ብቻ» ይላል። ሌብነት አይደለም፤ ዓይን አውጣነት ነው።

«ዎልፔፐር እኮ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ?» ያለኝ ሰው አለ። ባለ ጃንጥላዋን ለማስነሳት ቅጽ ሞላሁ። ረቂቁን ላክሁ፤ ሌየሮቹ (ሥዕሉ የተሠራባቸው ንብርብሮች) ያልተዋሃዱበትን ዋናውን ፋይል ላክሁ። ተነሳች። በወሩ በሌላ አፕ፣ በሌላ ርዕስ፣ በዚያው በተቆረጠ ጠርዝ ብቅ አለች። ያቺ የፊደል ጭራም አብራ አለች።

«አላው»ን (ፍቀድ የሚለውን) ዝም ብሎ መጫን

አንድሮይድ ላይ ዎልፔፐር መቀየር እናንተን እንኳ የማይጠይቁበት ቀላል ፈቃድ ነው። ታዲያ ሥዕል የሚያሳይ አፕ የስልክ ቁጥር ዝርዝራችሁን ምን ሊያደርግለት ይፈልጋል? ኤስኤምኤሱንስ? ማይክሮፎኑንስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ። ጆከር የሚባል ቫይረስ አለ። ዎልፔፐርን በመሳሰሉ ተራ አፖች ተደብቆ ይገባና ሳታውቁት የሚከፈልበት አገልግሎት ላይ ይመዘግባችኋል። የማረጋገጫ ኮዱን ከኤስኤምኤሳችሁ ራሱ ያነባል። ጉግል በ2020 መጀመሪያ እንደተናገረው፣ ከ2017 ጀምሮ ሰው ሳያወርዳቸው በፊት የደረሰባቸው ብቻ 1,700 ያህል አፖች ነበሩ። ያላችሁበትን ቦታ (ሎኬሽን) መጠየቅ ግን ሁሌ ክፋት አይደለም። ጀንበር ስትጠልቅ አብሮ የሚጨልም ወይም የአየር ጠባይ የሚከተል ዎልፔፐር ከሆነ ያስፈልገዋል።

አፑን አጥፍቶ «ተገላገልኩ» ማለት

ይሄን የሠራሁት እኔው ነኝ፣ ስለዚህ በናንተ ላይ አልጮህም። አንዱን አፕ ለሰባት ቀን በነጻ ልሞክረው ብዬ ገባሁ። በሁለተኛው ቀን ሰለቸኝና አጠፋሁት። በስምንተኛው ቀን የሙሉ ዓመት ሂሳብ ተቆረጠ። አፑን ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ፕሌይ ስቶር ወይም አፕ ስቶር ገብታችሁ፣ ሰብስክሪፕሽን የሚለው ቦታ ላይ ራሳችሁ መሰረዝ አለባችሁ። አይፎን ላይ ደግሞ የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ ቢያንስ 24 ሰዓት ሲቀረው መሆን አለበት። እኔ አሁን የነጻ ሙከራ በጀመርኩበት ደቂቃ እሰርዛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቀኑ እስኪያልቅ መጠቀም ይቻላል።

ለሥዕል መክፈልን እንደ ሞኝነት መቁጠር

ስለ ክፍያ ስላስፈራራኋችሁ ወደዚህኛው ጫፍ ደግሞ አትሩጡ። በሴፕቴምበር 2024 ታዋቂው የቴክኖሎጂ ዩቲዩበር ማርከስ ብራውንሊ ፓነልስ የሚባል የዎልፔፐር አፕ አወጣ። ዋጋው በወር 12 ዶላር፣ በዓመት 50 ዶላር። ኢንተርኔቱ ተንጫጫ። ከፊሉ ጩኸት ልክ ነበር። በነጻ የሚጠቀመው ሰው የሚያየው ማስታወቂያ በዝቶ ነበር፤ አፑ የሚጠይቀው የግል መረጃም እንዲሁ። ሰውየውም አስተካክላለሁ አለ። ዋጋውም ውድ ነበር፤ እኔም ብያለሁ። የከነከነኝ ግን «ለሥዕል ማን ይከፍላል?» የሚለው ሳቅ ነው። ትርፉን ከሰዓሊዎቹ ጋር እኩል እንካፈላለን ብሎ የተነሳ አፕ ነበር። ስንቱ ነው እንዲህ የሚለው? ስትከፍሉ ጠይቁ፤ ከገንዘቡ ለሰዓሊው ስንት ይደርሰዋል? በግልጽ የጻፈ አፕ ከሌሎቹ አንድ እርምጃ ቀድሟል።

ፓነልስ በ2025 መጨረሻ ተዘጋ። ይሄ ሌላ ስህተት አስታወሰኝ። አፕ ውስጥ «ፌቨሪት» ማድረግ ማስቀመጥ አይደለም። የወደዳችሁትን ጋለሪያችሁ ውስጥ አውርዱ።

«4ኬ» የሚለውን ማመን

4ኬ ማለት 3840 በ2160 ፒክሰል (ምስሉ የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው፤ የተጋደመ የቴሌቪዥን ልክ። የብዙ ስልኮች ስክሪን ደግሞ የቆመ ነው፤ 1080 በ2400 አካባቢ። የተጋደመው ሥዕል በቁመት ሲቆረጥ መሃሏ ብቻ ትቀራለች። አውርዱና የፋይሉን ዝርዝር ክፈቱ፣ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ሥዕሉ ከደበዘዘ ደግሞ ትንሽ ምስል ተለጥጦ ነው። ጣታችሁን ዘርግታችሁ የሰው ዓይን ወይም የቅጠል ጠርዝ ላይ አቅርቡት፤ እዚያ ጋ ይታያል።

ስክሪንሾት አንስቶ ዎልፔፐር ማድረግ? አታድርጉት።

ሰዓቱን መርሳት

ዎልፔፐር ባዶ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም። ላዩ ላይ ሰዓት አለ፣ አይከን አለ፣ ማሳወቂያ አለ። እኔ ለስልክ ስሥል የላይኛውን ሲሶ ሰማይ ወይም ባዶ ግድግዳ አደርገዋለሁ። ስልኩ ለማንቀሳቀስ ሲል ሥዕሉን ትንሽ ስለሚያሳድገው በጠርዙም ትርፍ ቦታ እተዋለሁ። በትክክል ለስልክ የተሠሩ ሥዕሎች ያሉት አፕ ሳትመርጡ በፊት ሰዓቱንና አይከኖቹን አስቀምጦ ያሳያችኋል። ያ ከሌለው የሴትዮዋ ፊት ላይ «12:45» ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

የሚንቀሳቀስ ዎልፔፐር ባትሪ ይበላል። ጥቁር ዎልፔፐር ባትሪ የሚቆጥበው ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነ ብቻ ነው፤ እዚያ ጥቁሩ ፒክሰል ራሱ ይጠፋል። ኤልሲዲ ላይ ከኋላ ያለው መብራት እንደበራ ስለሆነ ለውጥ የለውም።

የአክስቴ ልጅ አፑን አጠፋ። ዋናውን ፋይል ላክሁለት፣ ከነፊርማው፣ በስልኩ ልክ አስተካክዬ። በሳምንቱ ስልኩን አሳየኝ። ባለ ጃንጥላዋ ሙሉ ሆና ተቀምጣለች። ከታች በስተቀኝ፣ ልክ ፊርማዬ ላይ፣ የካልኩሌተሩን አይከን አስቀምጦበታል።