ሊዝበንን ለእንግዳ ስታሳዩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዘመድ ሊዝበን ሲመጣ ማስጎብኘቱ የእኛ፣ የነዋሪዎቹ ሥራ ነው። ከተማዋ ውብ ስለሆነች ዝም ብሎ ማዞር የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም።

የመጀመሪያው ስህተት እንግዳውን በቀጥታ ወደ ሳን ዦርዤ ግንብ ማውጣት ነው። ሊዝበን ወደብ ናት፤ ፊቷ ወደ ቴዡ ወንዝ ነው። እኔ ከካይስ ዶ ሶድሬ በጀልባ ወደ ካሲልያስ አሻግራለሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ነው የሚፈጀው። ስንመለስ እንግዳዬ ከተማዋን ከውሃው ላይ ያያታል፤ ድሮ መርከበኞች ያዩዋት እንዲህ ነበር።

ሌላው ያየነውን ሁሉ “ጥንታዊ ነው” ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዕለት፣ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ምድር ተናወጠች። ከዚያ የባሕር ማዕበል፣ ከዚያ ለቀናት የዘለቀ እሳት መጣ። የመሃል ከተማው ሰፈር የባይሻ ቀጥ ያሉ መንገዶች ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። የቀድሞውን መልክ ማየት ከፈለጋችሁ አልፋማ የሚባለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ መንገዶች ውስጥ ግቡ። ወንዙ ዳር ያለውን ሰፊ አደባባይም ነዋሪው እስከ ዛሬ “የቤተ መንግሥቱ ሜዳ” ይለዋል። ቤተ መንግሥቱ ግን የለም፤ በዚያው አደጋ ጠፍቷል። እዚያ ቆማችሁ ይህን ንገሩት።

ትንንሾቹንም ልጥቀስ። 28 ቁጥር ትራም ላይ እኩለ ቀን አትሳፈሩ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ኪስ አውላቂም አይጠፋም። በጠዋት ሂዱ። የእግረኛው መንገድ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ጫማ ላይ አስቡበት። ምግብ ቤት ሳታዝዙ የሚቀመጥላችሁ ዳቦና ወይራ በነጻ አይደለም፤ ካልፈለጋችሁ አንሡልን በሉ።

የሚያሳዝነኝ ስህተት ወንዙ ዳር ባለው ቤሌም ሰፈር የሚሠራው ነው። ሰው ጀሮኒሞስ ገዳም ገብቶ (ሰኞ ዝግ ነው፣ ልብ በሉ) ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። ወደ ህንድ የባሕር መንገድ የከፈተው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ የተቀበረው እዚያ ነው። ልጁ ክሪስቶቮ በ1541 ኢትዮጵያን ከግራኝ አሕመድ ጦር ለመርዳት አራት መቶ ያህል ወታደሮች ይዞ ምጽዋ ወረደ፤ በማግስቱ ዓመት እዚያው እኛ አገር ተገደለ። ከዚህ ወደብ የወጡት መርከቦች በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንንም ያጓጓዙ እንደነበር አትዝለሉት፤ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ።

ከሁሉ በላይ ጸጋ ዘአብን አትርሱ። የዓፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ በ1527 ሊዝበን ገባ፣ ለዓመታትም ቆየ። ስለ ኢትዮጵያ እምነት የጻፈው በ1540 በላቲን ታትሟል። በዚያ ጽሑፍ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ለዓመታት ቅዱስ ቁርባን መከልከሉን አምርሮ ይናገራል። እኔ ይህን ሁልጊዜ ወንዙ ዳር ተቀምጠን ነው የምነግራቸው። እናቴ ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ብዙ ሰዓት ውሃውን ስታይ ቆየች።