የጣናን ብራናና ሥዕል ማጥናት፦ ከግሱ እስከ መጀመሪያው ጽሑፍ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጥንት ሥዕል ላጥና የሚል ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ዘጌ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባል፣ የመቅደሱን ግድግዳ ዞሮ ያያል፣ ገዳሙ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው ሲባል ይሰማል፤ ከዚያ ማስታወሻው ላይ «የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል» ብሎ ይጽፋል። የብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ ብልሽት የሚጀምረው ከዚች መስመር ነው። ገዳም የተተከለበት ዘመን ሌላ፣ ሥዕል የተሣለበት ዘመን ሌላ። በጣና ዙሪያ ያሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት በየጊዜው ታድሰዋል፤ በጨርቅ ላይ ተሥሎ መቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሥዕልም በብዛት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ያለ ነው። ደቅ ደሴት ያለው የናርጋ ሥላሴ ሥዕል ራሱ የእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ሥራ ነው።

የመካከለኛውን ዘመን የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከግድግዳው ዞር ብሎ የዕቃ ቤቱ በር እስኪከፈትለት መጠበቅ አለበት። 15ኛው ክፍለ ዘመን ያለው በብራና እና በእንጨት ገበታ ላይ ነው። የክብራን ገብርኤል ባለሥዕል አራቱ ወንጌል የዚያ ዘመን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ስሙ የተጻፈበት የእመቤታችን ሥዕልም ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛል።

መጀመሪያ ግዕዝ

ግዕዝ ሳይዙ ሥዕል ማጥናት መልኩን እያዩ ስሙን አለማወቅ ነው። ከሥዕሉ ራስጌ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ ታሪኩን ይነግራል፤ ከግርጌው፣ ተደፍቶ ከሚታየው ሰው አጠገብ «ዘተማኅፀነ» የሚለው ደግሞ ያሣለውን ሰው ይነግራል። ይህን የሚያስነብባችሁ ሰው እየፈለጋችሁ ሙያውን መቀጠል አትችሉም። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ዕድላችሁ ደጃችሁ ላይ ነው፦ አንድ ሁለት ክረምት ቅኔ ቤት ግቡ። ባትቀኙም ግድ የለም፤ የሚፈለገው ግሱ፣ ማለትም ከነትርጉሙ በቃል የሚያዘው የግዕዝ ግሥ ዝርዝር ነው። የዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ኮርስ ሰዋስውን ያስተምራል፤ የደበዘዘ ቃል በግምት ለመሙላት የሚያበቃው ግን በቃል የተያዘ ግስ ነው።

የመጀመሪያው ዲግሪ በታሪክ፣ በቅርስ፣ በግዕዝ ወይም በሥነ ጥበብ ቢሆን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም። ሁለተኛው ላይ ግን ምረጡ፤ ብራና ላይ ለሚሠራ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) ትምህርት ይበልጣል። እግረ መንገዳችሁን ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን የገበታ ሥዕሎች ደጋግማችሁ እዩ፤ ዓይን የሚሠለጥነው በድግግሞሽ ነው። ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የአውሮፓ ቋንቋ ያስፈልጋል። ለጣና የሚሻለው ጀርመንኛ ነው፤ የደሴቶቹ መጻሕፍት ዝርዝር በ1973፣ በ1977 እና በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ የወጣው በጀርመንኛ ስለሆነ። የክብራን ወንጌል እዚያ «ጣናዜ 1» ተብሎ ተቈጥሯል። ወደ ገዳም ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉት መጽሐፍ እዚያ ቊጥር እንዳለው አረጋግጡ፤ የታወቀን ብራና «አዲስ አገኘሁ» ብሎ መጻፍ ስም ያጠፋል።

ደብዳቤ፣ ጊዜ፣ ጀልባ

ቅርስ ማጥናት በአዋጅ ቊጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። የትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ፣ የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እና የሀገረ ስብከቱ ደብዳቤ ተሟልተው በመጨረሻ አበ ምኔቱ ፊት ይቀርባሉ። ሥራ የሚሰናከለው ደብዳቤ በመጥፋቱ ሳይሆን በደብዳቤው አጻጻፍ ነው። «ለጥናት ትብብር ይደረግላቸው» ብቻ የሚል ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው መጽሐፉን ያያል፤ ካሜራ ሲያወጣ ግን «ይህ አልተጻፈም» ይባላል። ትክክልም ናቸው። የመጽሐፉ ስም፣ የቀኑ ብዛት፣ የሚመጡት ሰዎች ስም፣ ፎቶ እንደሚነሣ፣ ፎቶው ለምን እንደሚውልና ቅጂው ለገዳሙ እንደሚመለስ በግልጽ ይጻፍ።

ዕቃ ቤት የሚከፈተው ኀላፊዎቹ ሲሟሉ ነው፤ አንዱ ለገበያ ወደ ባሕር ዳር ከተሻገረ ቀኑ አለቀ። ስለዚህ አስቀድማችሁ ላኩባቸው። በሁዳዴና በፍልሰታ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚዘልቅ ለእናንተ የሚተርፍ ብርሃን የለም። የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው፤ ቀጥሎ ከጥምቀት በኋላ እስከ ጾመ ነነዌ መግቢያ ያለው። ከመሄድ በፊት የገዳሙ ንግሥ በዚያ ሰሞን አለመዋሉን ጠይቁ።

ክብራንና ዳጋ ሴት አትገባም። ሴት አጥኚዎች በዘጌና በናርጋ መሥራት ይችላሉ፤ ለተከለከሉት ገዳማት በፎቶና በታተመው ዝርዝር ይሠራሉ፣ ወይም ወንድ ባልደረባ ጥያቄያቸውን ይዞ ይሄድላቸዋል። የስፌቱን ነገር ግን ፎቶ አያሳይም፤ ባልደረባው ምን ምን እንደሚቈጥር አንድ በአንድ ተጽፎ ይሰጠው።

ጣና ጧት ይተኛል፣ ከሰዓት ይነሣል። ከንጋቱ 12 ሰዓት የተነሣ ጀልባ ዘጌ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ደቅና ዳጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ስለሚወስዱ አዳር አስቡበት። ካሜራው ጀልባው ውስጥ ሳለ በታሸገ ላስቲክ ይጠቅለል። ሲደርሱ ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ «ይፍቱኝ አባ» ይባላል፤ ሥራ የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ብራናው ፊት

እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት አይነካው። ጓንት አታድርጉ፤ ጣት ስለሚያደነዝዝ የቅጠሉን ጠርዝ ያስቀድዳል። ጣትን በምራቅ አርጥቦ መግለጥ የተከለከለ ነው፤ ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት የተሠራ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ይለቃል። እስክርቢቶ ከጠረጴዛው ይራቅ፤ እርሳስ ብቻ። መጽሐፉን ከሁለቱም ወገን በተጠቀለለ ጋቢ ደግፉት፤ ከ90 ዲግሪ ብዙ አትክፈቱት። ከተቻለ ገጹን የሚገልጡት አባት ይሁኑ፤ መጽሐፉን እጃቸው ያውቀዋል፣ እናንተም በካሜራው ላይ ታተኵራላችሁ።

ፍላሽ አይነሣም። ሁለት ትንንሽ ኤል ኢ ዲ መብራቶች ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ ይቁሙ፤ ካሜራው በሦስት እግር ይደገፍ፤ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የቀለም ካርድና ማስመሪያ ይግባ። 150 ቅጠል 300 ገጽ ነው፤ ገበታው (የእንጨት ሽፋኑ)፣ ጀርባውና ማኅደሩ (የቆዳ መያዣው) ሲጨመር ወደ 310 ፎቶ ይሆናል። አንዱ ፎቶ 25 ሜጋባይት ቢሆን 8 ጊጋባይት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ለአንዱ 35 ሰከንድ ቢፈጅ ሦስት ሰዓት ነው። ገዳሙ መብራት እንደሌለው አስባችሁ ሦስት ባትሪ ያዙ።

ከዚያ ልኩ፦ ቁመት፣ ወርድ፣ ውፍረት በሚሊሜትር፤ የዓምዱ ብዛት፤ በአንድ ዓምድ ስንት መስመር፤ ስንት ቅጠል። አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል። ዋናው ገና ነው፦ ጥራዙ። በተለምዶ አራት ቆዳ ተደራርቦ ሲታጠፍ ስምንት ቅጠል ያለው ጥራዝ ይሆናል፤ ክሩ መሐሉ ላይ ይታያል። እያንዳንዱን ጥራዝ በእርሳስ ሣሉት፣ ሥዕል ያለበትን ቅጠል ምልክት አድርጉበት።

ለምን? ከማቴዎስ ወንጌል ፊት ያለውን የማቴዎስን ሥዕል ውሰዱ። ቅጠሉ በዚያው ጥራዝ ውስጥ ጥንድ አለው ወይስ ለብቻው ገብቶ ጠርዙ ብቻ ነው የተሰፋው? በወስፌ የተሠመሩት መስመሮች ከሥዕሉ ጀርባም አሉ? ከጽሑፉ ገጽ መስመር ጋር ልካቸው ይገጥማል? የመስመር መውጊያዎቹ ቀዳዳዎች በዚያው ርቀት ናቸው? ቅጠሉ ብቸኛ ከሆነ፣ መስመር ከሌለው፣ ብራናውም ወፈር ካለ ሥዕሉ ኋላ የገባ ሊሆን ይችላል፤ የጽሑፉን ዘመን ለሥዕሉ ማውረስ አይቻልም። የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ የ17ኛው ሥዕል ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም።

ስምም እንዲሁ ያሳስታል። በጸሎቱ መሐል የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም ይጻፍበታል፤ መጽሐፉ ሲሸጥ ወይም ሲወረስ አዲሱ ባለቤት እንዲታሰብበት። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ብታበሩ የተፋቀው ቦታ ሻካራ ሆኖ ይታያል። የምታነቡት ስም የፊተኛው ባለቤት ነው ብላችሁ አትፍረዱ።

ዘመኑን ማስላት

ዘመን የሚጽፉ ጸሐፍት ሦስት ዓይነት አቈጣጠር ይጠቀማሉ፤ ተማሪም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቈጠረው) ከሆነ 5500 ይቀነሳል፦ 6950 ዓመተ ዓለም 1450 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓው 1457/58። ዓመተ ሰማዕታት ከሆነ 276 ይደመራል። ሦስተኛው አስቸጋሪ ነው፦ «በ90 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ዘርዐ ያዕቆብ» የሚል ጽሑፍ ቢገጥማችሁ 90 የተቈጠረው በየ532 ዓመቱ ከሚዞረው ዐቢይ ቀመር መግቢያ ጀምሮ ነው። ከዓመተ ሰማዕታት መነሻ ያለፈው ሁለት ቀመር 1064፣ ሲደመር 276፣ ሲደመር 90፦ 1430 ዓ.ም.፤ በአውሮፓው 1437/38። ንጉሡ በዚያ ጊዜ ዙፋን ላይ ስለነበር ስሌቱ ይገጥማል።

ወንጌላዊው ከተጠቀሰ ደግሞ ማረጋገጫ አላችሁ። ዓመተ ዓለሙን ለአራት አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከሆነ ዮሐንስ። 1430 ላይ 5500 ሲደመር 6930፤ ቀሪው 2፣ ማርቆስ። ጽሑፉ «ዘመነ ሉቃስ» ካለ ወይ ንባባችሁ ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፤ ሳትፈቱት አትለፉ። የአውሮፓውን ስትጽፉ ሁልጊዜ በእዝባር (/) ሁለት ዓመት ይሁን፤ ዓመታችን መስከረም ላይ ስለሚገባ።

ዘመን ያልተጻፈበት ብራና በፊደሉ ይገመታል። ትልልቁና ክብ ክብ ያለው ጉልህ የጎንደር ዘመን እጅ ነው፤ የ15ኛው ማዕዘናም ይሆናል። በፊደል ብቻ ከሃምሳ ዓመት በታች ላጥብብ ማለት ድፍረት ነው። በሥዕሉ በኩል፦ በምስለ ፍቁር ወልዳ (ልጇን ታቅፋ በምትታይበት ሥዕል) እመቤታችን እጆቿን አጣምራ መሐረብ ይዛ ከታየች፣ ያ ኋላ የመጣው የሮም (የሳንታ ማሪያ ማጆሬ) ሥዕል አምሳል ስለሆነ 15ኛው ክፍለ ዘመን ብሎ ነገር የለም። ፊቱ በቀይ ጥላ የተድቦለቦለ፣ ልብሱ አበባማ፣ ዳራው ቢጫና አረንጓዴ እርስ በርሱ የሚፈስ ከሆነ 18ኛውን አስቡ። ደማቁ ሰው ሠራሽ ሰማያዊ (አልትራማሪን) በአውሮፓ የተሠራው በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ እሱ ያለበት ቦታ ከዚያ ወዲህ የተቀባ ነው። በዓይን ብቻ ግን አይለይም፤ ቀለም ፈቅፍቆ ለመውሰድም ማንም አይፍቀድላችሁ፣ እናንተም አትጠይቁ።

ጽሑፉና ከዚያ ወዲያ

የመጀመሪያው ጽሑፍ አንድ መጽሐፍ ወይም አንድ ገበታ ይሁን። «የጣና ገዳማት ሥዕሎች» የሚል ርእስ የሃያ ዓመት ሥራ ነው፤ ለሌክቸረር አይሆንም። ልኩ፣ የጥራዙ ሥዕል፣ የጽሑፎቹ ንባብና ትርጉም፣ የዘመኑ ማስረጃ፣ ከሁለት ሦስት ዘመናቸው ከታወቀ ሥራዎች ጋር ማነጻጸር፤ ይኸው ይበቃል። ገንዘብ ከፍላችሁ በሳምንት የሚያወጣላችሁ መጽሔት ለረዳት ፕሮፌሰርነት ቢቈጠርላችሁ እንኳ የሙያው ሰዎች አያነቡትም። ከ1959 እ.ኤ.አ. የሮም ስብሰባ ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ቀድማችሁ ብታቀርቡት የሚያርማችሁ ሰው ታገኛላችሁ።

ስታሳትሙ መጽሐፉ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንዳለ፣ ቊልፉን ማን እንደሚይዝ አትጻፉ፤ ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን የቦታ መረጃም አጥፉ። ሌባም ያነባል። ፎቶዎቹ በሦስት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ከባሕር ዳር ውጭ።

ለገዳሙ ፎቶዎቹን በፍላሽ ዲስክ ብቻ ሰጥታችሁ አትመለሱ፤ ኮምፒዩተር ከሌለ ምን ያደርጉታል? ገጾቹን በቀለም አሳትማችሁ፣ አስጠርዛችሁ፣ ከጽሑፋችሁ የአማርኛ ማጠቃለያ ጋር አድርሱ። ሲረከቡ በሁለት ቅጂ ተፈራረሙ፣ ማኅተም ይደረግበት፤ አንዱ ቅጂ እናንተ ዘንድ ይቅር። በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛውን መጽሐፍ ለማየት ስትጠይቁ ከደብዳቤው ጋር የምታያይዙት ይህንን ነው።